የገጠር አገልግሎት ተደራሽነት በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

የገጠር ሰው «ጤና ጣቢያው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር አይመልስም። «የሁለት ሰዓት መንገድ ነው» ወይም «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል። ከከተማ የሄደ እንግዳ በመልሱ ፈገግ ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ የአገልግሎት ተደራሽነትን የሚለኩ ባለሙያዎች ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት እየተጠጉ የመጡት ወደዚሁ ወደ ባላገሩ መለኪያ ነው።

በርቀት መለካት

በአገራችን ዕቅዶች የተለመደው መለኪያ ርቀት ወይም የሕዝብ ቁጥር ነው። ለገጠር ውኃ አቅርቦት ቀደም ሲል የተቀመጠው መስፈርት በ1.5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ማግኘት ነበር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርቱ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ተደርጓል። በጤናው ዘርፍ ደግሞ አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። የተቋማቱን ቁጥር በዚህ አኃዝ አባዝቶ ለነዋሪው ቁጥር በማካፈል «የጤና አገልግሎት ሽፋን» የሚባለው መቶኛ ይገኛል።

ይህ አሠራር ርካሽና ቀላል ነው፤ ወረዳን ከወረዳ ለማወዳደርም ይመቻል። ችግሩ ግን አንድ ተቋም መኖሩን እንጂ ሰው የሚደርስበት መሆኑን አለማሳየቱ ነው።

ርቀት የሚሰውራቸው ነገሮች

የመጀመሪያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን በካርታ ላይ በማስመሪያ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ ለሚወጣው መንገደኛ ግን ጉዞው በእጥፍ ይረዝማል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያቀረበው የስሌት ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት የሚል ነው። በዚህ ስሌት 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይዘለቃል። ያው 6 ኪሎ ሜትር የ600 ሜትር አቀበት ካለው ግን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ይህም ጤነኛ ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ ነው፤ በቃሬዛ ለተያዘ ሕመምተኛ አይሠራም።

ሁለተኛው ወቅት ነው። በበጋ በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ትምህርት ቤት፣ ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል የሚጠበቅበት ይሆናል። ሦስተኛው ወረፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል ፕሮግራም አንድን የተሻሻለ የውኃ ምንጭ «መሠረታዊ አገልግሎት» ብሎ የሚቆጥረው ደርሶ መልስ ጉዞው ከነወረፋው ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ «ውስን አገልግሎት» ይባላል። ከውኃው 1 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር ሴት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ብትራመድ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ 30 ደቂቃውን ይጨርሰዋል። ጀሪካኗን ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ በአገራችን መስፈርት ተጠቃሚ እንደሆነች፣ በዓለም አቀፉ ግን ከመሠረታዊው ደረጃ ወርዳ ትገኛለች።

በሰዓት መለካት

የጊዜ መለኪያ ክብደቱ ጎልቶ የሚታየው በወሊድ ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካልተገኘለት በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለድንገተኛ የማዋለድ አገልግሎት 2 ሰዓት እንደ ወሰን የሚወሰደውም በዚህ ምክንያት ነው። ታዴዎስ እና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለእናቶች ሞት ምክንያት የሚሆኑ «ሦስት መዘግየቶችን» ለይተው አስቀምጠዋል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ ላይ፣ ከተደረሰ በኋላ ሕክምና በማግኘት። የኪሎ ሜትር ስሌት ግን ከሦስቱ ሁለተኛውን እንኳ በከፊል ብቻ ነው የሚያሳየው።

ዛሬ ሥራው በኮምፒዩተር ካርታ ይሠራል። መሬቱ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈልና መንገድ፣ ገደል፣ ደን ወይም ወንዝ መሆኑ እየታየ ለእያንዳንዱ የጉዞ ፍጥነት ይሰጠዋል። ከዚያም ከየመንደሩ እስከ ተቋሙ የሚወስደው አጭሩ ጊዜ ይሰላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት አክሰስሞድ የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ድክመትም አለው። መንገድ ባለበት ሁሉ መኪና ይገኛል ብሎ ከተሰላ ውጤቱ ከእውነታው የተሻለ ሆኖ ይታያል፤ የተዘጋ ጤና ኬላንም ክፍት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

የመንገድ ርዝመትና ተደራሽነት

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀው የገጠር ተደራሽነት መለኪያ፣ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረውን የገጠር ሕዝብ ድርሻ ያሰላል። 2 ኪሎ ሜትር የተመረጠው የ20 እና የ25 ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ስትጀምር 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የመንገድ መረብ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ከ100 ሺህ በላይ ደርሷል። ሆኖም የመንገዱን ይዞታ ጭምር የሚያየው አዲሱ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የኢትዮጵያ ውጤት 21.6 በመቶ ነበር። ከአምስት የገጠር ነዋሪዎች አንዱ ማለት ነው። የኬንያ 56 በመቶ ነበር። መንገዱ ብዙ ኪሎ ሜትር መርዘሙ ብቻውን ሰውን አላቀረበም።

መለኪያው ሲለወጥ መፍትሔውም ይሰፋል

ተደራሽነት በተቋማት ቁጥር ሲለካ መፍትሔው ሌላ ተቋም መገንባት ብቻ ይመስላል። በሰዓት ሲለካ ግን የእግረኛ ድልድይ፣ አምቡላንስና የእናቶች ማቆያ እኩል ይታሰባሉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የከፈተው ማቆያ ለዚህ ማሳያ ነው። ለችግር የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው እዚያው ስለሚቆዩ፣ ሆስፒታሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሰዓታቱ ጉዞ በደቂቃዎች ተተክቷል።

ስለዚህ «ሽፋኑ ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» የሚል ሪፖርት ስናነብ አራት ጥያቄዎች ማንሳት ይገባናል። ከየትኛው መንደር ተነስቶ? በምን ተጉዞ? በየትኛው ወር? ሲደርስስ ምን አግኝቶ? ሪፖርቱ ለእነዚህ መልስ ከሌለው የሚነግረን ስንት ሕንፃ እንደተሠራ እንጂ ስንት ሰው እንደተገለገለ አይደለም።