ያቺ ቢጫ የጎማ መብራት ከየት መጣች?

ጠዋት መኪናው ሲነሳ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቅርጽ፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ምንም የላቸውም፣ ሴንሰሩ ነው» ብሎ ይነዳል። እንዲህ ሲሆን አይታችሁ አታውቁም?

ከዚህች መብራት ጀርባ ግን የብዙ ሰው ሞት፣ አንድ ሕግና አንድ የፍርድ ቤት ክርክር አለ።

ቴክኖሎጂው ቀድሞም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ፖርሽ 959 የጎማ ንፋስ የሚከታተል መሣሪያ ነበረው። 959 ግን የጥቂት ባለጸጎች መኪና ነው፤ ተራው ሰው በሚነዳው መኪና ላይ መሣሪያውን እንዲገጥም አምራቹን የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ያ የተለወጠው አሜሪካ ውስጥ ነው። በኦገስት 2000 ፋየርስቶን የተባለው ጎማ አምራች 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎቹን እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። መኪናው በፍጥነት እየሄደ መንገዱን የሚነካው የጎማው ሽፋን ተገንጥሎ ይወልቃል፤ መኪናውም ይገለበጣል። ከእነዚህ ጎማዎች ጋር በተያያዘ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የበዛው እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር።

ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን እርስ በርስ አላከኩ። ፎርድ «ጎማው ነው» አለ፤ ፋየርስቶን ደግሞ ፎርድ ለደንበኞቹ የመከረው 26 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ዝቅተኛ ነው አለ። በኋላ የመንግሥት ምርመራ ጎማዎቹ ራሳቸው ጉድለት እንዳለባቸው ደረሰበት። የንፋስ ጉዳይ ግን አንዴ ተነስቷል።

ንፋስ ማነስ ለምን አደገኛ ሆነ? ቀጭን ሽቦ ወስዳችሁ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ እጠፉት፤ ይሞቃል። ንፋሱ የጎደለ ጎማም እንደዚያው ነው። በዞረ ቁጥር ጎኑ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሙቀቱ ሲከማች ውስጡ ያሉትን የብረት ሽቦ ንጣፎች ከጎማው ጋር ያያዘው ነገር ይላላል።

ኖቬምበር 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን «ትሬድ» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። አዳዲስ መኪኖች ስለ ጎማ ንፋስ ማነስ ሹፌሩን እንዲያስጠነቅቁ ታዘዘ። ግን እንዴት?

እኔን እንደ መሐንዲስ ይበልጥ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሴንሰር አስገብቶ ልኬቱን በሬዲዮ መላክ ነው። ሁለተኛውና ርካሹ ለኤቢኤስ ፍሬን የተገጠመውን መቁጠሪያ መጠቀም ነው፤ ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ትንሽ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩም ልዩነቱን ያያል። ብልህ ዘዴ ነው። ግን አስቡት፦ አራቱም እኩል ቢቀንሱስ? ልዩነት ስለማይኖር የዚያን ጊዜው ሥርዓት ምንም አያይም።

በ2002 የወጣው ደንብ አምራቾች ለጥቂት ዓመታት የአንድ ጎማን መቀነስ ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት እንዲመርጡ ፈቀደ። «ፐብሊክ ሲቲዝን» የተባለው ድርጅትና ሌሎች ከሰሱ፤ በ2003 ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ምርጫውን ውድቅ አደረገ። በ2005 የጸደቀው ደንብ አንዱም ይሁን አራቱም ጎማ ከተመከረው ልክ 25 በመቶ ሲጎድል መብራቷ እንድትበራ አዘዘ። ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱ የቤት መኪኖች በሙሉ ይህንን ማሟላት ነበረባቸው። አውሮፓም ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖችን በሙሉ አስገደደች።

እስቲ 25 በመቶውን እናስላ። የተመከረው 32 ፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ መብራቷ የምትበራው 24 አካባቢ ሲደርስ ነው። 26 ላይ ዝም ልትል ትችላለች። ስለዚህ አለመብራቷ «ጎማው ልክ ነው» ማለት አይደለም፤ ከበራች ደግሞ ብዙ ጎድሏል። በእግር መምታት ይህን አያሳይም።

በጥቅምት ብርድ ማለዳ በርታ፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ብትጠፋስ? ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ግፊቱ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይወርዳል። ጎማው ቀድሞውኑ ጫፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

«ሴንሰሩ ነው» የሚለውንም መፈተን ይቻላል። በአሜሪካው ደንብ በተሠራ መኪና መብራቷ መኪናው ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ሥርዓቱ ራሱ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳትቆራረጥ ከበራች ግን ንፋስ ጎድሏል። የሹፌሩን በር ክፈቱ፤ የተመከረው ልክ እዚያ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ቁጥሩን ያዙና ጎማው ሳይሞቅ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ሂዱ። አራቱንም አስለኩ።