ከሽብልቅ ወደ ክብ መጋዝ፤ የአንድ ሳንቃ ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራም ጭምር ነው። ቃሉን ብቻ ይዞ የተነሣ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የነገሩን ባሕርይ ትቶ የባዕዱን ቋንቋ የታሪክ አጋጣሚ ይተረጉማል። ይህን ለማስረዳት፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል ይሠራበት የነበረውን አንድ ልዩ መጋዝና ከእርሱ የሚወጣውን ሳንቃ ታሪክ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ለሁለቱ ዋና ዋና የግንድ አሰነጣጠቅ ስልቶች የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ እናቀርባለን።

በዚያ አገር የእንጨት ቤት ግድግዳ በውጭ በኩል በቀጫጭን ሳንቃ ይለበሳል። ሳንቃዎቹ በአግድም እየተመቱ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ ስለሚደርብ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሳይገባ ተንሸራቶ ይወርዳል። ይህ ሳንቃ ክላፕቦርድ ይባላል። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን ከታችኛው ጀርመንኛ “ክላፕሆልት” የሚለውን ቃል ወስደው፣ የመጀመሪያውን ክፍል እንዳለ ትተው፣ “እንጨት” የሚለውን ሁለተኛውን ክፍል ብቻ “ሳንቃ” በሚል ቃል ለወጡት። ቃሉ በመጀመሪያ ያመለክት የነበረውም የግድግዳ ልባስ ሳይሆን ለበርሜል መሥሪያ የሚሆን የባሉጥ (የኦክ) ፍልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1621 ፎርቹን የተባለችው መርከብ ከፕሊመዝ ሰፈር ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ሆዷን የሞላው ጭነት ይኸው ፍልጥ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሥራው የመጋዝ አልነበረም። አጭር ግንድ ይቆምና በሽብልቅና በስለታም ብረት ከቅርፊቱ ወደ ልቡ ይፈለጣል፤ ግማሹ እንደገና ለሁለት፣ እርሱም እንደገና ለሁለት እየተከፈለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፍልጥ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ በውጭ በኩል ወፍራም፣ በውስጥ በኩል ስስ ሆኖ ይወጣል። ሽብልቅ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይለያል እንጂ ጭረቱን አያቋርጥም። ስለዚህ ከፍልጥ የተሠራ ሳንቃ ውሃ አያስገባም፤ እንደ ልብም አይጣመምም።

መጋዝ በውሃ ኃይል እየታገዘ ሲስፋፋ ይህ ጥቅም ቀረ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው መጋዝ ግንዱን ከዳር እስከ ዳር በትይዩ መስመር ይሰነጥቀዋል። በዚህ ዐይነት ከሚወጡት ሳንቃዎች በግንዱ ልብ በኩል የሚያልፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ከልቡ ወዲያና ወዲህ የተቆረጡ ይሆናሉ። ሳሙኤል ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1777 ስለ ክብ መጋዝ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላም ቢሆን፣ ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ የአቆራረጡ ነገር ወዲያው አልተለወጠም።

ለውጡ የመጣው በሜይን ግዛት በብራንስዊክ ከተማ ነው። ሮበርት ኢስትማንና ጆሳያ ጃኪት እ.ኤ.አ. በ1820 መብት ያገኙበት መኪና ግንዱን በሁለት ጫፉ መካከል በብረት ሾል ይዞ በክብ መጋዝ ላይ ያሳልፈዋል። መጋዙ ከቅርፊቱ ተነሥቶ ወደ ልቡ አቅጣጫ ይቆርጣል። አንዱ ቁራጭ ካለቀ በኋላ ግንዱ በአንድ ሳንቃ ውፍረት ልክ ዞር ይደረግና ቀጣዩ ይቆረጣል። ዙሪያው ሲፈጸም ሳንቃዎቹ ሁሉ በውስጥ ጠርዛቸው ከመካከለኛው እንዝርት ጋር እንደ ተያያዙ ይቆዩና አንድ በአንድ ይነቀላሉ። በውጭ ወፍራም፣ በውስጥ ስስ መሆናቸውም እንደ ጥንቱ ነው። መኪናው አዲስ ቢሆንም የሚሠራው የሽብልቁን ሥራ ነበር፤ የፍልጡ ስምም ከፍልጡ ቅርጽ ጋር ወደ መጋዙ ተሻገረ።

የአቆራረጡ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኰማተርም። በእንጨት ጥናት እንደ ተመዘገበው፣ የምሥራቅ አሜሪካ ነጭ ጥድ ፈጽሞ ሲደርቅ ከልብ ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ 2.1 በመቶ፣ በቀለበቶቹ ዙሪያ ግን 6.1 በመቶ ይኰማተራል። ቀይ ስፕሩስ በሚባለው ዛፍ መጠኑ 3.8 እና 7.8 በመቶ ነው። ከልቡ ተነሥቶ የተቆረጠ ሳንቃ ወርዱ በትንሹ አቅጣጫ ላይ ስለሚያርፍ ጥቂት ብቻ ይጠባል። ልቡን ሳይነካ የተቆረጠው ግን በብዙው አቅጣጫ ላይ ያርፋል፤ በዚህም ላይ ሁለቱ ፊቶቹ እኩል ስለማይኰማተሩ እንደ ገበታ ይጐደጕዳል። በሩ አልገጥም ያለው፣ መስኮቱ የተሰነጠቀበት ሰው የዚህን ልዩነት ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል።

እንግዲህ ወደ ስያሜው እንመለስ። እንግሊዝኛ ከልብ ለተቆረጠው ሳንቃ ሁለት የታወቁ ስሞች አሉት። አንደኛው “በእሩብ የተሰነጠቀ” እንደ ማለት ነው፤ ይህም ግንዱን አስቀድሞ ለአራት ከመክፈል ልማድ የመጣ ነው። ከላይ ያየነው መኪና ግን ግንዱን ለአራት ሳይከፍል ያንኑ ሳንቃ ያወጣል። ሁለተኛው “ቀጥ ያለ መስመር” እንደ ማለት ሲሆን፣ በሳንቃው ጫፍ ላይ ቀለበቶቹ ቆመው መታየታቸውን ይገልጻል። ይህ በጥድ ላይ ያገለግላል፤ እንደ ዝግባ ባለ፣ ቀለበቱ ለዐይን ጐልቶ በማይታይ ዛፍ ላይ ግን የሚታይ ምልክት የለውም። በተጨማሪም እዚህ ላይ “መስመር” ያልነው የእንግሊዝኛ ቃል እህልና ቅንጣት ማለትም ስለ ሆነ፣ በቃል ፍቺው የሚመራ ተርጓሚ ጨርሶ ከእንጨት ቤት ይወጣል።

አማርኛ ለመጋዝ እንግዳ አይደለም። ግእዝ መጋዝን ሞሠርት ይለዋል፤ ሙሉ ጽሑፉ በግእዝ ብቻ የተረፈው ዕርገተ ኢሳይያስም ነቢዩ በእንጨት መጋዝ ተሰንጥቆ መሞቱን ይተርካል። ይሁን እንጂ ከመሰንጠቂያ የሚወጣውን ዕቃ የምንጠራባቸው ቃላት በብዛት የመጡት ከውጭ ነው። “ሞራሌ” ጣልያንኛ ነው፤ “ጣውላ”ም በቀጥታ ይሁን በዐረብኛ በኩል ከጣልያንኛው “ታቮላ” ይመነጫል። በአንጻሩ ፈለጠ፣ ሰነጠቀ፣ ጠረበ፣ ላገ የሚሉት ግሦች የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው ናቸው፤ ሽብልቅና ፍልጥም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራሉ። ጣውላና ሞራሌ በሠራተኛው አፍ ገብተዋልና ይኑሩ። የጐደለው የአቆራረጡ መለያ ነው፤ እርሱን ከራሳችን ቃላት ልንሠራው እንችላለን።

ስለዚህ ከልብ ወደ ቅርፊት ለተቆረጠው “ልብ ጠቀስ ጣውላ”፣ ልቡን በጐን አልፎ ለተቆረጠው ደግሞ “ልብ ዘለል ጣውላ” የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። አመሠራረታቸው እንደ “ሰማይ ጠቀስ” እና እንደ “ባሕር ዘለል” ስለ ሆነ ለጆሮ አዲስ አይሆኑም። ሁለቱም የሚለኩት በግንዱ ልብ ነው፤ ልብ ደግሞ ቀለበቱ በሚታየውም ሆነ በማይታየው ግንድ ላይ አለ። መጋዙ በውሃ ቢዞር በኤሌክትሪክ፣ ግንዱ ለአራት ቢከፈል ባይከፈል ስያሜው አይናወጥም። የበር ሥራ የተቀበለ አናጢ ወደ መሰንጠቂያ ቤት ሄዶ “ልብ ጠቀስ አውጣልኝ” ሲል፣ ሰንጣቂው ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ግንዱን አዙሮ ካስቀመጠ፣ ቃሉ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።