ከነጋድራስ እስከ ነጋዴዎች ማህበር፤ እኛ ሴቶች የት ነን?

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ሳይቋጭ መበተናችንን ታስታውሳላችሁ። የከተማችን የነጋዴዎች ማህበር ሁለት ተወካይ እንድንልክና ሰሊጥና እህል የምንነግደው በአባልነት እንድንመዘገብ ጠይቆናል። አንዲት እናታችን «እታለም፣ የነጋዴ ማህበር የወንድ ነው፤ ለእኛ ዕቁባችንና ዕድራችን ይበቃናል» ሲሉ ብዙዎቻችሁ ተስማማችሁ። እኔ የዚያ ማህበር አባል ብሆንም ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። እቤት ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ከአብደራፊ የቆየ፣ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ያን ታሪክ ላካፍላችሁ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከእኛው ቆላ እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሱዳን ጋር ከሚያገናኙን የንግድ በሮች ዋነኛው መተማ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ማር፣ ሰምና ከብት በጎንደር በኩል ይወርዳል፤ ከወዲያ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ይመጣል። በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች የሚያለሙትን ጥጥ የደጋ ሰዎች እየወረዱ ይገዙ ነበር። የእንግሊዙ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 አካባቢውን አይቶ ስለ ገበያው ጽፏል። እውነቱን መሸሸግ አይገባምና፣ በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሴቶች ልጆች በመተማ ገበያ መጀመሪያ የቆሙት በሻጭነት ብቻ አልነበረም፤ በሚሸጥ ዕቃነትም ነበር። ዛሬ በዚህ ቆላ ሚዛን ይዘን መቀመጣችን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በዚያ ዘመን ብቻውን የሚነግድ ሰው ሩቅ አይደርስም። መንገዱ ሽፍታ አለበት፣ በየኬላው ቀረጥ ይጠየቃል፣ ወንዙ በክረምት አያሻግርም። ስለዚህ ነጋዴው ተሰባስቦ፣ ቅፍለት ሆኖ ይጓዛል፤ ከመካከሉም መንገዱን የሚያውቅ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ይመርጥና ነጋድራስ ይለዋል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ ራስ፣ የነጋዴ አለቃ ማለት ነው። ከኬላ ጠባቂና ከአገር ገዥ ጋር ስለ ቀረጥ የሚከራከረው እርሱ ነው። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ የሚዳኘውም እርሱ ነው። እንግዲህ የሙያ ማህበር የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ አዲስ ልብስ አይደለም። በጋራ መጓዝ፣ ተወካይ መምረጥና ዳኛ ማግኘት በአገራችን የነበረ ነው።

ነገር ግን ነጋድራስነት እንደተጀመረ አልቀጠለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ሹመቱ ከነጋዴው እጅ ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠጋ። ነጋድራስ የነጋዴ ተወካይ መሆኑ ቀርቶ ቀረጥ ሰብሳቢ የመንግሥት ሹም ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የንግድ ሚኒስትር የሆኑት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ለማዕረጉ ክብር ነው፤ ነጋዴው ግን «የእኔ» የሚለውን ተከራካሪ አጣ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ሊነሱ የሚገባቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ካስተማሩት ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ዕውቀት ያለውና ዕውቀት የሌለው ሲገበያዩ፣ ገበያው ነጻ ቢመስልም ተጎጂው ዕውቀት የሌለው ነው። ጥሬ ዕቃውን በርካሽ ሰጥቶ የተሠራውን በውድ ይገዛል። ሰሊጣችንን በጆንያ ሸጠን ዘይት በጠርሙስ የምንገዛ እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልገንም።

የመተማ ገበያ በጦርነት ብዙ ተጎድቷል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የመተማ ጦርነትም አጼ ዮሐንስ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ወሰኑን ሲያሰምር መተማ ወደ እኛ፣ ገላባት ወደ ሱዳን ቀረ። አንዱ ገበያ ሁለት አገር ሆነ። ዛሬም ወዲያ ማዶ እሳት ሲነሳ ጭሱ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በመተማ በኩል ሲጎርፍ አይተናል።

አሁን ወደ ዘመናዊው ማህበር እንምጣ። በአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። ነጋዴዎች መዋጮ እየከፈሉ፣ መሪዎቻቸውን እየመረጡ ድምፃቸውን ለመንግሥት የሚያሰሙበት ቤት ነበር። በሌላውም ዓለም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሽያጭ ኃላፊዎች ማህበር እ.ኤ.አ. በ1911 ተመሠረተ፤ ዛሬ የገበያ ሥራ ባለሙያዎች የሚሰለጥኑበትና የሙያ ማረጋገጫ የሚያገኙበት ትልቅ ተቋም ሆኗል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1937 የገበያ ጥናት መምህራንና ባለሙያዎች ሁለት ማህበራቸውን አዋህደው አንድ አደረጉ። መሸጥ ጎበዝ መሆን ብቻ ሳይሆን ትምህርትና ሥነ ምግባር ያለው ሙያ ነው የሚለው ሐሳብ የጠነከረው እንዲህ ባሉ ማህበራት ነው።

በእኛ አገር ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ። በሁመራና በመተማ ቆላ ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ ያመርቱ የነበሩ ባለሀብቶች እርሻቸውን አጡ። እህል የሚገዛው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሆነ፤ ገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማህበር ተመሠረተ። እናቶቻችን ለስብሰባ ተጠርተው ሄደዋል፣ አጨብጭበውም ተመልሰዋል። «ማህበር» ሲባል ፊታቸውን የሚያጨልሙ እናቶች ካሉ ምክንያቱን ከዚያ ፈልጉት። ያ አባልነት ተፈልጎ የተገባበት ሳይሆን ከላይ የታዘዘ ነበርና።

የኮታው ጊዜ በ1982 ዓ.ም. አበቃ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 341 የንግድና የዘርፍ ማህበራት ምክር ቤቶች እንደ አዲስ የሚደራጁበትን ሕግ አወጣ። ያ የወንድ ቤት የተባለው ምክር ቤት በሴቶችም ተመርቷል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ወይዘሮ ሙሉ ሰሎሞን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወይዘሮ መሰንበት ሸንቁጥ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ቆየት ብሎም ሰሊጥ ገባበት። ምርት በመጋዘን ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ በደረሰኝ የሚሸጥበት ሥርዓት ነው። የዕለቱን ዋጋ ማወቅ ከጥቂት ሰዎች ኪስ ወጥቶ በአደባባይ መታየት ጀመረ። ሆኖም መጋዘን እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ፣ ማለትም ደላላው፣ ሚዛኑና ብድሩ፣ አሁንም የሚወሰነው እዚሁ እኛ መካከል ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሠራተኞች ሻይና እንጀራ እየሸጥኩ ነው የጀመርኩት። ቀስ እያልኩ ከአነስተኛ ገበሬዎች ሰሊጥ እየለቀምኩ መሸጥ ያዝኩ። አንድ ዓመት በኅዳር 12 ኩንታል ለአንድ ገዥ አስረከብኩ። ሚዛኑ በየኩንታሉ ሦስት ሦስት ኪሎ ዋጠብኝ። 36 ኪሎ ማለት የልጆቼ የዓመት ደብተርና ልብስ ነው። ብጮህ ማን ይሰማኛል? ከጎኔ የነበረ ሰው ግን ድምፁን ሳያሰማ ወደ ማህበሩ ላከ፤ ሁለት ሰዎች ሌላ ሚዛን ይዘው መጡ፤ የእርሱ ተስተካከለ። የእኔ ተጭኖ ሄዷል። እኔም እንደ እርሱ ነጋዴ ነበርኩ፤ ልዩነታችን እርሱ የሚልክበት ቦታ ያለው መሆኑ ነው።

በዓመቱ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስብሰባዎች ከኋላ ተቀምጬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው «ቡናውን አንቺ አፍዪልን» አሉኝ። አፈላሁ። አፍልቼ ስጨርስ ግን የሚዛን ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ እንዲያስገቡኝ ጠየቅኩ። ሳቅ ነበር፤ ሆኖም ሥራው አድካሚ ስለሆነ ሌላ ፈላጊ አልነበረምና ተሰጠኝ። እህቶቼ፣ ማህበር ውስጥ መግባት ማለት ይኸው ነው። መታወቂያ ይዞ መዋጮ መክፈል መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሰው የሚሸሸውን ሥራ አንስቶ በደንብ መሥራት ሲጨመርበት ነው የሚያውቁን። ዛሬ ዋጋ የምጠይቃቸው፣ መኪና ሲገኝ የሚነግሩኝና የሚመሰክሩልኝ ሰዎች በዚያ ኮሚቴ ያፈራኋቸው ናቸው።

ጉድለቱንም አልደብቃችሁም። ስብሰባው አመሻሽ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ምድጃ ላይ ነን። ከዚህም የከፋ አለ። ነጋዴዎች ሲሰበሰቡ በገበሬው ላይ ዋጋ ለመስማማት የሚዳዳቸው አይጠፉም። ይህ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ሕግ ባይከለክለውም ነውር ነው። የምንገዛው ከባሎቻችን፣ ከወንድሞቻችንና ከራሳችን ማሳ ነውና፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «አይሆንም» የሚል ሰው በመካከላቸው ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ከእኛ ቢሆን ምን ይመስላችኋል?

ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ መዋጮው ከቁጠባ ሣጥናችን አይነካ፤ የምንነግደው እያንዳንዳችን ከኪሳችን እንክፈል። ሁለተኛ፣ የምንልካቸው ሁለቱ አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ፤ ብቻዋን የተላከች ሴት ቡና አፍልታ ትመለሳለች። ሦስተኛ፣ በየወሩ እዚህ መጥተው የሰሙትንና የተናገሩትን ይንገሩን። ነጋድራስ ከነጋዴው የተለየው ሹመቱን ሲያገኝ ሳይሆን ለመረጡት መልስ መስጠት ሲያቆም ነው። እኛም የራሳችንን ነጋድራስ መርጠን ሸኝተን እንዳንረሳት። አራተኛ፣ ስብሰባው በቀን እንዲሆን የመጀመሪያ ጥያቄያችን ይሁን።

ዕቁባችንና ዕድራችን ይበቃናል ላሉት እናታችን በአክብሮት የምመልሰው ይህን ነው። እማማ፣ ዕድር ሲከፋን ያጽናናናል፣ ዕቁብ ሲጎድለን ይሞላልናል፤ ሚዛኑ ላይ ስንቆም ግን ሁለቱም አብረውን የሉም። እዚያ የሚቆምልን ሌላ ማህበር ያስፈልገናል። ለዕድራችን ቀብር ቆፋሪ እንደማንከራይ ሁሉ፣ ለዚያኛውም ራሳችን መገኘት አለብን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስንሰጥ፣ የምትቃወሙም የምትደግፉም ሁላችሁም ኑ። የማትመጣ እህት ካለች ጎረቤቷ ትቀስቅሳት።