ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም

ከ1973 እስከ 1992 ድረስ (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የአሜሪካ ዶላር በኢትዮጵያ ባንኮች 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በእነዚያ 19 ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ተወረሰ፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሆነ፣ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ አገር ጨረሰ፣ ደርግም ራሱ መጥቶ ሄደ። ምንዛሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሱ ሰዎች ቁጥሩን የብር ጥንካሬ ምስክር ያደርጉታል። ደርግን የሚወቅሱት ደግሞ የሶሻሊዝም ግትርነት ነው ይላሉ። ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ አይሰማም። 2.07 የደርግም የንጉሡም ፈጠራ አይደለም። በ1944 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት አንድ ሆቴል ውስጥ ከተፈረመ ስምምነት የተረፈ ቅሪት ነው፤ ጉዳቱም የመጣው ስምምነቱ ፈርሶ ቁጥሩ ብቻውን በመቅረቱ ነው።

ስምምነቱ የብሬተን ዉድስ ስምምነት ይባላል። በጁላይ 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ የ44 አገሮች መልእክተኞች ተሰብስበው ከጦርነቱ በኋላ ዓለም በምን ሕግ እንደሚገበያይ መከሩ። ያስፈራቸው የ1930ዎቹ ትዝታ ነበር፤ ያኔ እያንዳንዱ መንግሥት ሸቀጡን ለማርከስ ሲል የገንዘቡን ዋጋ ይጥል፣ ጎረቤቱም ብድሩን በዚያው ይመልስ ነበር። የእንግሊዙ ጆን ሜይናርድ ኬንስና የአሜሪካው ሃሪ ዴክስተር ኋይት ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የጸናው ሐሳብ ይበልጡን የኋይት ሆነ። አንድ አውንስ ወርቅ በ35 ዶላር ይቆረጣል፤ ሌላው ገንዘብ ሁሉ በወርቅ ወይም በዶላር ይተመናል። አንድ አገር ተመኑን ከ10 በመቶ በላይ መቀየር ከፈለገ ኢኮኖሚው ከሥሩ መዛባቱን በስምምነቱ ለተቋቋመው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት አስረድቶ ማስፈቀድ አለበት። ከሥሩ መዛባት ማለት ምን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም፤ ሆን ተብሎም ይመስላል። ከአፍሪካ የተገኙት ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ላይቤሪያና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። የኢትዮጵያን ልዑክ የመሩት በዋሽንግተን የአገሪቱ መልእክተኛ የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የነበሩት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። በድርጅቱ ውስጥ ለኢትዮጵያ የተመደበው ድርሻ 6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የአሜሪካ 2,750 ሚሊዮን። ከድርሻው ማነስ ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ስለ ገንዘቧ ተመን ስትመክር የምትተምነው ገንዘብ ገና አልወጣም ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በገበያው ላይ የሚዞረው እንግሊዞች ያስገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የጣልያን ሊሬ ርዝራዥና ገበሬው ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው ጠገራ ብር ነበር። አዲሱ ብር የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁላይ 23 ቀን 1945፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነው። ወረቀት የማያምነውን ገበሬ ለማባበል ሕዝቡ ሽልንግ ያለው 50 ሳንቲም ከብር ማዕድን ተሠራ፤ ማዕድኑንም አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ የብድርና ኪራይ ሕግ አማካይነት ሰጠች። የአንዱ ብር ዋጋ 5.52 ግሬይን ንጹህ ወርቅ ሆኖ ተደነገገ። ይህ በ35 ዶላሩ ሒሳብ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ከሩብ ነው። አንድ ፓውንድ ያኔ 4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ስለነበረ፣ አንድ ብር የፓውንድ አንድ አሥረኛ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። ተመኑ ከሽልንግ ወደ ብር የሚሻገረውን ሕዝብ በማያደናግር መንገድ የተመረጠ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለዶላርም ለፓውንድም ጀርባ አልሰጠም።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግን አልቀረም። እንግሊዝ በሴፕቴምበር 1949 ፓውንድን ከ4.03 ወደ 2.80 ዶላር ስትጥል፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ ሽልንግ አብሮ ወረደ፤ የግብፅ ፓውንድም ተከተለ። ብር ግን ከወርቁና ከዶላሩ ጋር ቀረ፤ ትናንት 10 ብር የነበረው ፓውንድ 7 ብር ገደማ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ ከእንግሊዝ እጅ ወጥቶ ወደ አሜሪካ የተጠጋበትን መንገድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም። መጠጋቱ ፍሬ አላጣም። በሴፕቴምበር 1950 የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ለኢትዮጵያ ሆነ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ለቴሌኮሙኒኬሽን። የጸና ምንዛሪ ለአበዳሪ የሚታይ መታወቂያ ነበር፣ በዚያ ዘመንም ዋጋ ነበረው። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ምንዛሪው ያኔ ብቻውን አልቆመም፤ የወርቁ ዋጋ የታወቀ ነበር፣ የንግድ ሸሪኮች ገንዘብም የተተመነ ነበር፣ ለጊዜው የውጭ ምንዛሪ ያጠረው አገር የሚበደርበት ድርጅትም ነበር። በ1964 ብር ወደ 2.50 ሲስተካከል የወረደው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ቁጥሩን ለማጠጋጋት ያህል ነው።

በኦገስት 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆምን አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወርቅ በይፋ ከ35 ወደ 38 ዶላር፣ በ1973 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 42.22 ዶላር ወጣ። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ2.50 ምንዛሪ አንድ አውንስ ወርቅ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 87.50ን ለ38 ብናካፍል 2.30 ይመጣል፤ ለ42.22 ብናካፍል 2.07። በ1971 የታወጀው ምንዛሪ 2.30፣ በ1973 የታወጀው 2.07 ነበር። እንግዲህ ብር ጠነከረ የተባለው ብር ባለበት ቆሞ ዶላር ስለወረደ ነው። ማንም በአዲስ አበባ የቡናን ዋጋ፣ የዝናቡን ሁኔታ ወይም የአስመጪውን ፍላጎት መዝኖ 2.07 ላይ አልደረሰም። ከዚያም በማርች 1973 ትልልቆቹ ገንዘቦች በገበያ እንዲዋዥቁ ሲለቀቁ ሥርዓቱ አለቀለት። በ1980 መጀመሪያ የወርቅ ዋጋ 850 ዶላር ሲደርስ የ87 ብር ከ50ው አውንስ በ2.07 ሲሰላ 1,760 ብር ገደማ ሆነ። ወርቁ ሄዷል፤ ከወርቁ የወጣው ቁጥር ግን በየባንኩ መስኮት ላይ ተለጥፎ ቀረ።

በሚዋዥቅ ዓለም ውስጥ በአንድ ገንዘብ ላይ መታሰር ደግሞ መጽናት አይደለም፤ በሌላው ማዕበል መናወጥ ነው። በ1980 መጀመሪያ አንድ ዶላር 1.72 የጀርመን ማርክ ገደማ ነበር፤ በ1985 መጀመሪያ ከ3.40 በላይ ደረሰ። ብር ከዶላር ጋር ታስሮ ስለነበረ፣ 1 ብር ከ20 ሳንቲም የነበረው ማርክ ወደ 60 ሳንቲም ወረደ። በጀርመን ገበያ ሲለካ ብር በረሃቡ ዓመት ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ውድ ሆኖ ነበር። የትኛውም ኢኮኖሚስት ይህን ለዚያ ዓመት ኢትዮጵያ አያዝም፤ የዋሽንግተን የወለድ ፖሊሲ ግን አዘዘው።

ዕዳውን ማን ከፈለ? ቡና በነዚያ ዓመታት ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ ነበር። በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት በ1980ዎቹ የተያዘው የዋጋ ወለል ለአንድ ፓውንድ ክብደት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር። አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ በዚህ ዋጋ 45 ዶላር ገደማ ያወጣል። በ2.07 ሲመነዘር 93 ብር ይሆናል፤ ኋላ በ1992 በታወጀው በ5 ብር ቢመነዘር 225 ብር ይሆን ነበር። ከዚህ 93 ብር ላይ የማጓጓዣው፣ የነጋዴው ወይም የመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ድርሻ፣ በመጨረሻም ግብሩ ይነሣል፤ ከጅማ ወይም ከሲዳማ ገበሬ እጅ የሚገባው ትርፍራፊው ነው። ልዩነቱ ባዶ አየር ላይ አልቀረም፤ ዶላሩን በ2.07 ለተፈቀደለት ሰው ነው የገባው፣ ያውም በዋነኛነት ለመንግሥትና ለድርጅቶቹ። ግብር ተብሎ በፓርላማ ወይም በሸንጎ ያልተነገረ ግብር ነበር። ቡናው በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ ሲወጣ፣ ሸቀጥ የባንክ ዶላር በማይጠይቀው በፍራንኮ ቫሉታ ሲገባ፣ ሰዎች በጓዳ ዶላር በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ሲመነዝሩ፣ ሁሉም ያንን ግብር እየሸሹ ነበር።

ይህን ክርክር የማይቀበሉ ሰዎች ሦስት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። አንደኛው የጋና ምሳሌ ነው። ጋናም ሴዲን ከ1978 እስከ 1983 በ2.75 ላይ ይዛ ነበር፣ የዋጋ ንረቷ ግን በ1983 ከ100 በመቶ አለፈ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያ አልሆነም፤ ስለዚህ 2.07 ሥርዓት አስያዘ ይላሉ። እውነቱ ግማሽ ነው። የአጼው ዘመን የገንዘብ ቁጥብነት ለረጅም ጊዜ ሳይናድ ቆይቷል፣ በ1977 የቡና ዋጋ ጣራ ሲነካም 2.07 ብዙ አልጎዳም፤ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቁጥሩን መተው ነበረብን ለማለት እኔም አልደፍርም። ነገር ግን ሥርዓት የሚያስይዘው ምንዛሪው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ቁጥብነት መሆኑን ራሷ ጋና ታረጋግጣለች፤ እሷም ምንዛሪ አስራ ነበርና። የምዕራብ አፍሪካው ሴኤፍኤ ፍራንክ እንኳ፣ የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ዋስ ሆኖለት ከ1948 ጀምሮ ቆሞ፣ በ1994 በግማሽ ወርዷል። ብር ዋስ አልነበረውም።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል። ቡና የሚሸጠው በዶላር ነው፤ የቡና ዛፍም በአንድ ክረምት አይደርስም፤ በቡናው ስምምነት የኮታ ዘመን ደግሞ የሚሸጠው መጠን የተቆረጠ ነበር። ታዲያ ምንዛሪውን መቀነስ ምን ይጨምራል? የሚመጣውን ዶላር ብዙ ላይጨምር ይችላል። የሚቀይረው ዶላሩ ማን እጅ እንደሚገባና ቡናው በየትኛው በር እንደሚወጣ ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮታውም ቢሆን በጁላይ 1989 ፈርሷል፤ ዋጋው ሲያሽቆለቁል ገበሬውን በብር በኩል ትንሽ ሊደግፍ ይችል የነበረው ብቸኛው መሣሪያ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ሦስተኛው፣ አገሪቱን የጎዳት ጦርነቱ፣ ሰፈራውና ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በግድ የሚሰጠው እህል እንጂ ምንዛሪው አይደለም የሚለው ነው። በመጠን ከሆነ እስማማለሁ፤ ጦርነት ከምንዛሪ ጋር አይወዳደርም። ምንዛሪው ግን ከእነዚህ የተነጠለ አልነበረም፤ ከገበሬው ወስዶ ለመንግሥት የሚሰጠው ሥርዓት አንድ ክንፍ ነበር፣ ከሌሎቹ የሚለየውም ካድሬ ስለማያስፈልገው ነው።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦክቶበር 1 ቀን 1992፣ የሽግግር መንግሥቱ ምንዛሪውን 5 ብር አደረገ። ከ1945 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ የብር የዶላር ተመን የተለወጠው አራት ጊዜ ብቻ ነው። የ1964ቱ ቁጥር ማጠጋጋት ነበር፤ የ1971ና የ1973ቱን ያመጣው አሜሪካ በወርቅ ላይ የቆረጠችው አዲስ ዋጋ ነው። ስለ ራሷ ኢኮኖሚ ተብሎ ኢትዮጵያ የብርን ዋጋ በቁም ነገር የለወጠችው በ47 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የብሬተን ዉድስ ሥርዓት ከሞተ 19 ዓመት በኋላ።