ከመንጻት እስከ ማምከን

ቁስል በሚታጠብበት የጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ «ንጹህ» እና «የመከነ»። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ሰው ይጎዳል። የዘር ሐረጋቸውን ላየ ግን ሁለቱን ማምታታት ይከብደዋል።

«ንጹህ» የግዕዙ «ነጽሐ» ልጅ ነው፤ ሥረ ፊደሉም ሐመሩ ሐ ነው። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ «ነጻ፣ አነጻ፣ መንጻት» ብሎ ወርሶታል። ከለምጽ የዳነ ሰው «ነጻ» መባሉ ከዚሁ ነው። ቃሉ ከእድፍም ከኃጢአትም መጥራትን ይይዛል። እመቤታችን ንጽሕት ትባላለች፤ በደል የሌለባቸው ሰዎች ንጹሃን ይባላሉ። እንግዲህ ንጹህነትን የሚፈርደው ወይ ዓይን ነው ወይ ኅሊና። መቀስ ላይ ያለውን በሽታ አምጪ ግን ሁለቱም አያዩትም።

ለዚያ ለማይታየው ነገር ስም የተገኘው ከፍጥረት ታሪክ ነው። በግዕዝ «ተሐዋሲ» የሚንቀሳቀስ ማለት ሲሆን፣ ኦሪት ዘፍጥረት በምድር ላይ የሚርመሰመሱትን «ተሐዋስያን» ይላቸዋል። «ረቂቅ» የሚለው ቅጽል ታከለበትና ረቂቅ ተህዋሲያን ተባሉ። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክም እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ በሠራው ማጉያ ሲያያቸው ትናንሽ እንስሳት ያላቸው ሲንቀሳቀሱ ስላገኛቸው ነው። ይሁንና ለቁስል ጠንቅ ከሆኑት ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በራሱ መንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚያጓጉዘው ያልታጠበ እጅ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን አቅሙን ይዞ ይቆያል። በመቀስ መጋጠሚያ ውስጥ የቀረች የደም ጠብታ ለዚህ ትበቃለች።

ከክፍሉ ቃላት ሁሉ ረጅም መንገድ የመጣው «በረኪና» ይመስለኛል። ወደ እኛ የገባው ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» ነው። ጣሊያንኛው ደግሞ «ቫሬክ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የወጣ ነው፤ ባሕር ወደ ዳር የሚተፋው አረም ማለት ነው። የኖርማንዲ ሰዎች አረሙን እያቃጠሉ ከአመዱ ሶዳ ያወጡ ነበር፤ የአመዱ ስም ቀስ በቀስ ለልብስ ማንጫው ፈሳሽ ተረፈ። የዛሬው በረኪና አቅሙ ከክሎሪን እንጂ ከአመድ አይደለም።

የክሎሪን ውለታ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ታይቷል። ሐኪሙ ሴሜልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ሬሳ መርምረው ወደ ወላዶች ክፍል የሚመጡ ተማሪዎችን እጃቸውን በክሎሪን ኖራ አስታጠባቸው። ክሎሪንን የመረጠው የሬሳውን ሽታ ከእጅ ስለሚያጠፋ ነው። በሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ወላዶቹን የሚገድሉት ተህዋሲያን መሆናቸውን ግን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልዲ ላይ ያርፋል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከተገኘ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበረዛል፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ብርዙ ከደምና ከቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ይደክማል። ትናንት የተበረዘውን ዛሬ መጠቀም ራስን ማታለል ነው።

በረኪና ግን አያመክንም። «ማምከን» ሥሩ «መካን» ነው። ስንቷን ሴት ያስለቀሰ ቃል ሕክምና ውስጥ ገብቶ ሕይወት አዳኝ ሆነ። የላቲኑ «ስቴሪሊስ»ም ፍሬ ለማይሰጥ ምድር የሚነገር ነበር፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መንገድ ሄደዋል። ለፈንጂም «አመከኑት» እንላለን። የቃሉ ዋና ቁም ነገር ከእንግዲህ የሚራባ አንዳች ነገር አለመትረፉ ነው። ይህን ትክክለኛነት በጣም እወድለታለሁ።

ለዚህ ደግሞ መቀቀል አይበቃም። የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስ ጠንካራ ልባስ ለብሶ የፈላ ውሃን ሊቋቋም ይችላል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ደግሞ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1879 የሠራው አውቶክሌቭ እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስሙ ከግሪክ «ራሱ» እና ከላቲን «ቁልፍ» የተገጠመ ነው፤ የእንፋሎቱ ግፊት ክዳኑን ራሱ ይቆልፈዋል።

መሣሪያው ተጠቅልሎ ወደ አውቶክሌቭ ሲገባ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ሙቀት ሲነካው ጥቁር መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ግን የሚመሰክረው ለውጭው ብቻ ነው፤ ለውስጡ ሌላ አመልካች አብሮ ይታሸጋል። ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ወይም ከተቀደደ መሣሪያው እንደገና ተጠቅልሎ ተመልሶ ይገባል። በውስጡ ያለው መቀስ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ንጹህ ይባል እንደሆነ እንጂ የመከነ አይባልም።