ዳንቴል የሚለብስ ቴሌቪዥን ሲጠፋ

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ እናቶቻችን ዳንቴል መሥራት የተዉት እጃቸው ደክሞ ሳይሆን የሚያለብሱት ዕቃ አጥተው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ሬዲዮው፣ ፍሪጁ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ያ ወፍራም ቴሌቪዥን ሳይቀር ዳንቴል ይለብስ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ሶፋው ላይ ጣል ያደረጉትንም ልጃቸው «እማዬ፣ ይቆሽሻል» ብላ በትሕትና አጣጥፋ ታነሳዋለች። የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ከሕፃን ጋር የሚውሉ፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ በረዶውን በመስኮት የሚያዩ ሴቶች ናቸው። ኪሮሹ ከሻንጣ ሳይወጣ ዓመት ይከርማል።

አሜሪካኖች አፍጋን የሚሉት ብርድ ልብስ በዚህ መሀል ነው የገባው። በአንዱ ዓይነቱ ትናንሽ ካሬዎች ለየብቻ ይሠሩና በኋላ ይጋጠማሉ። ነገሩ ለአገሩ አዲስ አይደለም፤ ፕሬሪ ፋርመር የተባለው የገበሬዎች ጋዜጣ የኪሮሽ ካሬ አሠራር ያተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ወደ እኛ ሰፈር የመጣው ግን ኤቪ ሮዘን በቀየሰችው መንገድ ነው። ይህች ሴት ዊስኮንሲን ውስጥ ዋሳው በምትባል ከተማ የክር ሱቅ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1991 ዋርም አፕ አሜሪካ የተባለውን የበጎ አድራጎት ሥራ ስትጀምር ያሰበችው ቀላል ነገር ነበር፦ ሙሉ ብርድ ልብስ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ቁራጭ ይሥራ፤ ሌላው ሰብስቦ ይግጠም። የቁራጩ ልክ 7 በ9 ኢንች ሆነ፤ 49 ቁራጭ ሲጋጠም አንድ ብርድ ልብስ ይወጣዋል።

ሐሳቡ ለእኛ እናቶች የተመቸው ማንም ባላሰበው ምክንያት ነው። ሁሉም ሰው የሚገናኘው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ ደግሞ መርፌ አይነካም። ቅዳሜንም የሚያከብሩ አሉ፤ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ። አንድ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ሥራ መሥራት በዚህ አቆጣጠር የሚሆን አይደለም። ካሬ ግን በቦርሳ ይያዛል። ሕፃኑ ሲተኛ፣ አውቶቡስ ሲጠበቅ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ይሠራል። የሚገናኙት ለመግጠም ብቻ ስለሆነ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ይበቃል።

7 በ9ኙ ግን አልበረከተም። አንዱን አግድም፣ ሌላውን ሽቅብ የምታስቀምጥ ሰው መቼም አትጠፋምና፣ አራቱም ጎን እኩል ይሁን ተባለ። በስንዝር እንለካ ሲባልም የሰው እጅ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከሲሪያል ካርቶን 8 ኢንች ተቆርጦ ለእያንዳንዷ ታደለ። ከኪሮሽ ይልቅ በሁለት መርፌ ሹራብ የሚሠሩት እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ፊትና ጀርባው አንድ የሚመስለው ተራ ሹራብ 30 ዐይን ተጀምሮ 60 መስመር ሲሠራ ካሬ ይሆናል፤ የዐይኑ እጥፍ መስመር ማለት ነው። ክሩ ቢወፍርም ቢቀጥንም ያው ነው፤ ካርቶኑ የሚያስፈልገው ስንት ዐይን እንደሚጀመር ለማወቅ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ካሬዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ነው። አንዷ አጥብቃ ትሠራለች፣ ሌላዋ ታላላለች። ባለፈው አንዲት ወጣት፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ፣ ካሬዋን ስታስቀምጥ ከጎኑ ካለው በጣት አነሰ።

«እትዬ፣ የኔ ጠበበ እንዴ?»

«ጠበበ አላልኩም ልጄ። ተናደሽ ነው የሠራሽው።»

የበግ ፀጉር ክር ቢሆን ኖሮ አርጥቦ፣ ወጥሮ፣ በስፒል ይዞ ማድረቅ ያስተካክለዋል። እኛ የምንሠራው በአክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ውኃ አይሰማም፤ ሲደርቅ ወደ ልኩ ይመለሳል። ካውያ ካስጠጉት ደግሞ ይሞታል፤ ዝርግ ብሎ ይቀራል፣ ዳግም አይነሳም። መድኃኒቱ የተገኘው ከዳንቴሎቹ እናቶች ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ዙሪያ በኪሮሽ ጠርዝ ያወጣሉ፤ በአንድ ጎን 28 ዐይን፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት፣ ለሁሉም እኩል። የጠበበው ይለቃል፣ የላላው ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ መግጠም ዐይን በዐይን መቁጠር ነው። አሜሪካኖቹም ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ እነዚህ እናቶች ግን ከማንም ሳይማሩ ነው የደረሱበት።

ብርድ ልብሱ የሚሄደው ለሕሙማን ስለሆነ ስለ ጠርዙ ቀለም ክርክር ነበር። እዚህ አገር የቆየው ወግ ጥቁር ነው፤ መሀሉ ትርፍራፊ ክር ሆኖ ዥንጉርጉር ይሁን፣ ጥቁሩ ሁሉንም ይይዘዋል ይላሉ። ለዓይንም ያምራል፤ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። «ለታመመ ሰው ጥቁር ልታለብሱ ነው?» ተባለና ክርክሩ አለቀ። ጠርዙ እንደ ጋቢ ነጣ ያለ ሆነ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሁለቱ ካሬዎች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ ከአንዱ ጠርዝ አንድ ክር፣ ከሌላው አንድ ክር እያነሳ ይሄዳል። ጥቂት ከተሄደ በኋላ ክሩ ለስለስ ተደርጎ ሲሳብ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መጋጠሚያው አይታይም። አጥብቆ መሳብ ክልክል ነው፤ ሹራቡ ሲለጠጥ ስፌቱ ካልተለጠጠ ይበጠሳል። መጀመሪያ አግድሙ በሙሉ ይሰፋል፣ ቀጥሎ ሽቅቡ። አራት ማዕዘን በሚገናኝበት ቦታ ክሩ ሳይቆረጥ ተሻግሮ ያልፋል፤ አለበለዚያ መሀሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀራል። የክሩ ጫፍ ስንዝር ያህል ይተውና አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይሸሸጋል። አክሪሊክ ያዳልጣል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሸሸገ ጫፍ ሁለተኛው እጥበት ላይ ብቅ ይላል።

ብርድ ልብሱ የሚሄደው በብዛት ዲያሊስስ ለሚያደርጉ ሰዎች ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ግድም፣ ደም ከሰውነት ወጥቶ በማሽን ዞሮ ሲመለስ ሰው ይበርደዋል። መርፌ የገባበት ክንድ ግን ለነርሶቹ መታየት አለበት፤ ስለዚህ አንገት ድረስ የሚሸፍን አይሠራም። 5 በ6 ካሬ፣ 40 በ48 ኢንች፣ ከወገብ በታች የሚበቃ። አክሪሊኩም የተመረጠው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሚታጠብና ስለማይኮማተር ነው። ለአራስ ልጅ መስጠት የፈለጉም ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አልጋ ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ እንዳይገባ ስለሚመክር ያ ቀረ፤ ቅሬታው ግን እስካሁን አለ።

ጆአን የተባለው የጨርቃ ጨርቅና የክር መደብር እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ በቅናሽ የተገዛው ክር ገና አላለቀም። ያጠረው ገጣሚ ነው። ካሬ መሥራት ያስደስታል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ቀለም ይመረጣል፣ ሰው ያደንቃል። መግጠም ወገብ ይጎዳል፣ ማንም አያየውም። ጥሩ ገጣሚ የሠራው ነገር ከነጭራሹ የሌለ ይመስላልና ምስጋናው ሁሉ ለካሬው ይሆናል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ወጣቶቹም ስለተረዱት ሳይሆን አይቀርም ካሬያቸውን በፌስታል አስቀምጠው የሚሄዱት። ስለዚህ ከዚህ ብርድ ጀምሮ ሕግ ወጥቷል፤ አሥር ካሬ ያመጣች አንድ ረድፍ ሳትገጥም አትሄድም። በመጀመሪያው ሐሙስ ዘጠኝ ዘጠኝ ካሬ ይዘው የመጡ ሦስት ነበሩ።