ተሳታፊ መር ናሙና፦ መዝገብ የሌላቸውን ሴቶች እንዴት እንቆጥራለን?

ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ዘንድ ኤችአይቪና ቂጥኝ ምን ያህል እንደተሠራጩ በየጊዜው ያጠናል። ጥናቱ የሚሠራበት ዘዴ በአማርኛ የተለመደ ስም ገና የለውም። «ገበያ መር» ማለትን ስለለመድን «ተሳታፊ መር ናሙና» ብንለው ይገባናል፤ ቀጣዩን ተጠኚ የሚያመጣው አጥኚው ሳይሆን ተሳታፊው ነው።

ተማሪዎችን ለማጥናት የትምህርት ቤት መዝገብ አለ። ሴተኛ አዳሪዎች የተመዘገቡበት ዝርዝር ግን የለም፤ ቢኖርም ለእነሱ አደጋ ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብም አይበቃም። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሴት ላይ ደግሞ በማይታይ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ሳይታከምም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ ባክቴሪያው ግን ከሰውነት አይወጣም። ጨብጥና ክላሚዲያም በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። ስለዚህ አሞኝ ብላ የመጣችውን ብቻ የቆጠረ ሰው የበሽታውን ስፋት አያውቀውም።

ዘዴውን አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዳግላስ ሄካቶርን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተመው። መጀመሪያ ጥቂት መነሻ ሴቶች ይመረጣሉ፤ አንዷ ቡና ቤት የምትሠራ፣ አንዷ ጎዳና ላይ የምትቆም፣ አንዷ ቤት ተከራይታ የምትሠራ። ቃለ መጠይቁንና የደም ምርመራውን የጨረሰች ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ 3 ኩፖን ይሰጣታል። ኩፖኑ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ለምታውቃቸው ታድላለች፤ የመጡትም በተራቸው ይወስዳሉ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር አጥኚዎቹ መጀመሪያ እነማንን እንደመረጡ በውጤቱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ዋናው ነገር ያለው ግን አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፦ «እዚህ ከተማ በዚሁ ሥራ ከሚተዳደሩት ውስጥ አንቺ የምታውቂያቸው፣ እነሱም የሚያውቁሽ ስንት ናቸው?» 50 ሴት የምታውቀው፣ 5 ብቻ ከምታውቀው ይልቅ ኩፖን የማግኘት ዕድሏ ሰፊ ነው። ስለዚህ በስሌቱ ብዙ ሰው የምታውቀው ክብደቷ ይቀነሳል፤ ጥቂት የምታውቀው ይጨመርላታል። ይህ እርማት ባይኖር ኖሮ ጥናቱ ስለ ተግባቢዎቹ ብቻ የሚናገር ይሆን ነበር። ከዘዴው ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020ው አገር አቀፍ ጥናት ከ16 ከተሞች 6,085 ሴቶች በዚህ መንገድ ተሳትፈዋል። ኤችአይቪ በደማቸው የተገኘው 18.7 በመቶ ናቸው፤ በአገሪቱ አዋቂ ሕዝብ ዘንድ ያለው መጠን ግን 1 በመቶ ገደማ ነው። የደም ምርመራው ለተሳታፊዋም ይጠቅማል፤ ቂጥኝ በምርመራው ቀድሞ ከታወቀ በአንድ ጊዜ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል።

የዘዴው ጉድለት ግልጽ ነው። ቤት ተዘግቶባት እንድትሠራ የምትገደድ፣ ወይም ከገጠር ገና መጥታ የሙያ ጓደኛ ያላበጀች ልጅ ዘንድ ኩፖን አይደርስም፤ ስሌትም ቢሆን ጨርሶ ያልመጣችን ሴት ሊያካክስ አይችልም። እነሱን የሚያገኛቸው ቤት ለቤት የሚዞር፣ ሰፈሩን የሚያውቅ የጤና ሠራተኛ ነው።